«ሌንስ ማስገባት» ለሚለው አነጋገር ሁለት ስያሜዎች

የዓይንን ብርሃን አሳላፊ የፊት ሽፋን በሌዘር ቀርጾ ዕይታን ማስተካከል ዛሬ በሰፊው የታወቀ ቢሆንም፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። ሽፋኑ የሳሳበት ወይም ሩቅ ማየት እጅግ የተሳነው ሰው ለሌዘር ላይመች ስለሚችል፣ ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይቀርብለታል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህንኑ ሌላውን ሕክምና በአማርኛ ምን እንበለው የሚል ነው።

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው የተፈጥሮው ሌንስ፣ ሞራ ባይጋርደውም እንኳ፣ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። የዚህ ሥር ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ለሞራ ሕመምተኛ ያስገባው ሌንስ ነው። በሁለተኛው ግን የተፈጥሮው ሌንስ ሳይነካ ከፊቱ ሌላ ስስ ሌንስ ይጨመራል፤ በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ ሌንስ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

«ሌንስ ማስገባት» የሚለው አነጋገር ለሁለቱም ያገለግላል፤ ጉዳቱም እዚሁ ላይ ነው። የተፈጥሮ ሌንሱ የወጣለት ወጣት፣ ዓይኑ ከሩቅ ወደ ቅርብ ራሱን የሚያስተካክልበትን ኃይል ያጣል፤ የወጣውም ሌንስ ተመልሶ አይገባም። የተጨመረው ሌንስ ግን፣ ሞራ የማስከተልና የዓይንን ግፊት የማናር ሥጋት ቢኖረውም፣ ካስፈለገ ሊወጣ ይችላል። የስምምነት ወረቀት የሚፈርም ሰው ይህን ልዩነት ከግሡ ሊረዳው ይገባል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ሌንስ መተካት»፣ ለሁለተኛው «ሌንስ መደረብ» እንዲባል እንመርጣለን። ጋቢ የሚደርብ ሰው ሸሚዙን አያወልቅምና፣ የታችኛው እንዳለ መሆኑ ማብራሪያ አያሻውም።

በትምህርት መጻሕፍት የሚገኘውን «ምስሪት» በሌንስ ፈንታ እናግባ የሚሉ ይኖራሉ። ቃሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሕመምተኛውም ሐኪሙም የሚያውቁት ሌንስን ነውና እዚህ ላይ ሙግት ማብዛት አያስፈልግም። ፊዮዶሮቭ በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው፣ ሽፋኑን በጨረር አምሳል በስለት የመብጣት ዘዴም በአብዛኛው ስለተተወ «ጮራዊ ብጣት» ቢባል ይበቃዋል።

የሚያስቸግረው «ብሌን» ነው። በነባሩ አነጋገር ብሌን የዓይን መካከለኛው ጥቁር ሲሆን፣ ከልገሳ ጋር በተያያዘ ግን የፊተኛው ሽፋን «የዓይን ብሌን» ይባላል። ይህ አጠራር ሥር ሰዷል፤ ለጋሾችን ከሚያውቁት ቃል መለየትም አይገባም። በቀዶ ሕክምና ሰነድ ላይ ግን፣ ስለቱ የሚያርፈው ሽፋኑ ላይ እንጂ በመካከሉ ባለው የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ላይ አይደለምና፣ ሽፋኑ «ኮርኒያ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።