ሀብታም ከተማ፣ ባዶ ካዝና

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ተነሥታ ኮረብታ ለኮረብታ ትወጣለች። ባሕሩ ጥግ ዝገት የበላው ቆርቆሮ የለበሱ ደሳሳ ቤቶች ተፋፍገው ይታያሉ። ከላይ ደግሞ በረጅም አጥር የታጠሩ፣ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ቪላዎች ባሕሩን ቁልቁል ያያሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ማዘጋጃ ቤቱ ሁለቱንም ሲተምን በዋናነት የሚያየው ስፋታቸውን ነበር። ስለዚህ የቪላው ባለቤትና የደሳሳው ቤት ባለቤት በኑሮ የተራራቁትን ያህል በግብር አይራራቁም ነበር። ይባስ ብሎ ከከተማዋ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ከነጭራሹ መዝገብ ላይ አልሰፈሩም።

የፍሪታውን ጣጣ የብዙ ከተሞች ጣጣ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው ከዓለም ጠቅላላ ምርት ከ80 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከከተሞች ነው። በታዳጊ አገሮች ግን ሀብቱ የሚፈጠርበት ከተማ ራሱ ለቆሻሻ ማንሻና ለጎርፍ መውረጃ ገንዘብ ያጥረዋል። ዳጎስ ያሉት ግብሮች፣ ማለትም የገቢ ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ጉምሩክ፣ በአብዛኛው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ይሄዳሉ። ለከተማው የሚተርፈው የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የፈቃድ ክፍያ፣ የቤት ግብርና ከላይ የሚወርድ ድጎማ ነው። ድጎማው ደግሞ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቀነሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ለከተማ የሚመቸው የንብረት ግብር እንደሆነ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ቤት አይደበቅም፤ ወደ ሌላ አገርም አይሸሽም። መንግሥት ሰፈሩ ድረስ አስፋልት ሲያስገባ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ከዚያ ጭማሪ ጥቂቱ ተመልሶ ለመንገዱ ጥገና ቢውል ፍትሐዊ ነው። ይሁንና በአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ከንብረት የሚሰበሰበው ግብር ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቤትን አንድ በአንድ መገመት ብዙ ባለሙያና ገንዘብ ይጠይቃል። ውድ ውድ ቤቶች ያሏቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥልጣን አጠገብ ያሉ ናቸው።

በፍሪታውን ለውጡን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረጡት ከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር ናቸው። ከንቲባዋ በሙያቸው የሂሳብ ባለሙያ ሲሆኑ ለንደን ውስጥ በፋይናንስ ዘርፍ ሠርተዋል። እሳቸው ከመመረጣቸው ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017፣ ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ በዝናብ ተንዶ 1,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል ወይም የገቡበት ጠፍቷል። ዛፍ ማልበስም ሆነ የጎርፍ መውረጃ መሥራት ገንዘብ ይፈልጋል።

ከተማዋ ከተመራማሪዎች ጋር ሆና ሥራውን ከጣሪያ ጀመረች። በሳተላይት ምስል እያንዳንዱ ሕንፃ ተቆጠረና በመዝገብ ላይ የነበሩት 57,000 ገደማ ቤቶች ከ120,000 በላይ ሆኑ። ቀጥሎ መረጃ ሰብሳቢዎች በየሰፈሩ ተሰማሩ። በር አንኳኩተው መግባት አላስፈለጋቸውም፤ ከውጭ የሚታየው በቂ ነበር። ግድግዳው ከምን ተሠራ? ጣሪያው ደህና ነው? መስኮቱ መስታወት አለው? መኪና ደጁ ይደርሳል? ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣል። የነጥቡ ክብደት ደግሞ ባለሙያዎች በገበያ ዋጋ ከገመቷቸው የናሙና ቤቶች ተነሥቶ በስሌት የወጣ ነው። ማንም የቤት ባለቤት የተጣለበትን ግብር ከደጁ ቆሞ ሊያመሳክር ይችላል።

ውጤቱ የሸክሙን ሚዛን ገለበጠው። ከፍተኛ ግምት ባላቸው 20 በመቶ ቤቶች ላይ የሚጣለው ግብር ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ ዝቅተኛ ግምት ባላቸው 20 በመቶ ቤቶች ላይ ያለው በግማሽ ያህል ወረደ። በጠቅላላው ሊሰበሰብ የሚችለው ገንዘብ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ አለ። ነዋሪዎችም በዋትስአፕ ቡድኖች ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጋር «ገንዘባችን ምን ላይ ይዋል?» እያሉ ይከራከሩ ጀመር።

ነገሩ ግን እንዲህ ተቃንቶ አልቀጠለም። ከንቲባዋ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ናቸው፤ ማዕከላዊው መንግሥት አዲሱን አሠራር ለወራት አስቆመው፤ የቀጠለው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ፈቃድ ሥልጣንም እስካሁን በዋናነት በሚኒስቴር እጅ ነው። ተራራው ሲናድ የሚጠየቀው ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን፣ ተራራው ላይ ቤት እንዳይሠራ የመከልከል ሥልጣን ግን የለውም።

ዳካር ላይ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው። የሴኔጋል ዋና ከተማ የጎዳና ነጋዴዎች የሚገቡበት ገበያ ለመሥራት 20 ቢሊዮን የሴኤፋ ፍራንክ ቦንድ ልትሸጥ ዓመታት ተዘጋጀች። ሂሳቧን አስተካከለች፤ በብድር አቅም መዛኝ ድርጅትም ተመዘነች። ሽያጩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት መንግሥት ፈቃዱን አነሣ። ከንቲባው ካሊፋ ሳል የፕሬዚዳንት ማኪ ሳል የፖለቲካ ተፎካካሪ ነበሩ። ቦንዱ በዚያው ቀረ።

ሌላው መንገድ መሬት መሸጥ ነው፤ ይህም ጣጣ አለው። የቻይና ከተሞች መንገድና ባቡራቸውን የሠሩት በአብዛኛው የመሬት መጠቀሚያ መብት እየሸጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ሽያጭ 8.7 ትሪሊዮን ዩዋን ገቡ። የቤት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በ2024 ይኸው ገቢ ከ5 ትሪሊዮን በታች ወረደ፤ ብዙ ከተሞችም ዕዳ ታቅፈው ቀሩ። አንዴ የተላለፈ ቦታ ለረጅም ዘመን ድጋሚ አይሸጥም፤ የመንገዱ ጥገና ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ፤ አዲስ አበባም ከሊዝ ብዙ ገቢ አገኘች። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ሰዉ የጣሪያና ግድግዳ የሚለው፣ ዘመን አልፎበት ቆየ። ከተማ አስተዳደሩ በ2015 ዓ.ም. ተመኑን ከፍ ሲያደርግ ብዙ የቤት ባለቤት ደነገጠ፤ ቅሬታም በረከተ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ከተሞች ከቦታ ይዞታና ከሕንፃ በየዓመቱ ግብር የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ።

ከእንግዲህ ጉዳዩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። የግብር ማስታወቂያው እጅዎ ሲገባ ስለ መጠኑ ብቻ አይጠይቁ። ቤትዎ በምን ተለክቶ ይህን ያህል እንደተገመተ፣ የባለጸጋው ሕንፃ መዝገቡ ላይ መኖሩን፣ ገንዘቡም በወረዳዎ ምን ላይ እንደዋለ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሹም ካጋጠመዎ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ።