የከርማ ቍፋሮ፤ ከመቃብሩ ምስክርነት ወደ ከተማው ምስክርነት

የናይል ወንዝ በሰሜን ሱዳን አብዛኛውን መንገዱን በበረሃና በዐለት መካከል እየጠበበ ይፈሳል። ሦስተኛው ካታራክት ከሚባለው ድንጋያማ ስፍራ በስተደቡብ ግን ሸለቆው ይሰፋል፤ ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ያወረደው ደለልም በየክረምቱ ጐርፍ እየተነጠፈ ምድሩን ለእርሻና ለግጦሽ የተመቸ አድርጎታል። ጥንታዊቱ የከርማ ከተማ የተቈረቈረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ በዚህ ለም ስፍራ ነው።

በከርማ የመጀመሪያውን ሰፊ ቍፋሮ ከ1913 እስከ 1916 (እ.ኤ.አ.) ያካሄዱት አሜሪካዊው ሊቅ ጆርጅ ራይዝነር ነበሩ። በመቃብሩ ስፍራ ወርዳቸው እስከ 90 ሜትር የሚደርስ ክብ የአፈር ጕብታዎችን መረመሩ። በአንደኛውም ውስጥ ሀፕዜፋ የተባለ የግብጽ አገረ ገዥና የሚስቱ ሐውልቶች ተገኙ። ስለዚህ ራይዝነር ከርማ የግብጻውያን ምሽግና የንግድ ጣቢያ ነበረች፥ በጕብታዎቹ የተቀበሩትም ግብጻውያን ሹማምንት ናቸው ሲሉ ደመደሙ።

ይሁን እንጂ የሀፕዜፋ መቃብር የሚገኘው በግብጽ በአስዩት ነው። በከርማ ሟቹ በአልጋ ላይ መጋደሙ፥ በታላላቆቹ ጕብታዎችም በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ከጌታቸው ጋራ መቀበራቸው የዚያ ዘመን ግብጻውያን ልማድ አይደለም። ሐውልቶቹ ከተሠሩ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከግብጽ ወደ ከርማ የመጡ ናቸው።

ነገሩን ይበልጥ ያስረዳው የመኖሪያው ስፍራ ምርመራ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የስዊስ ሊቅ ሻርል ቦኔና ባልደረቦቻቸው የምሰሶ ጕድጓዶችንና የግድግዳ መሠረቶችን አንድ በአንድ እየተከተሉ የከተማዋን መልክ አወጡ። ክብ ጎጆዎች፥ የጭቃ ጡብ ቤቶች፥ የዳቦ መጋገሪያዎች፥ እንዲሁም ከተማዋን የሚከልሉ ቦዮችና ቅጥሮች ተገለጡ። በመካከላቸው ዛሬም 18 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው ምዕራባዊ ደፉፋ ቤተ መቅደስ እንደ ነበረ ታወቀ። በአቅራቢያውም በአንድ ስፍራ ላይ ደጋግሞ የታነጸ ታላቅ ክብ አዳራሽ ተገኘ፤ ይህም የንጉሥ ችሎት እንደ ነበረ ይታሰባል። በአንድ የመቃብር ጕብታ ፊት የተደረደሩ ከ4000 በላይ የከብት ራስ ቅሎች ደግሞ የአገሩ ሀብትና ክብር በከብት ላይ የቆመ መሆኑን ይመሰክራሉ።

ከዚህ ሁሉ የተረዳው፥ ከርማ የባዕድ ጣቢያ ሳትሆን የኩሽ መንግሥት መናገሻ የነበረች መሆኗ ነው። ግብጻውያን ድል አድርገው የያዟት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ዓመት ገደማ ነበር። የቀድሞው ስሕተት የተነሣውም፥ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ከባለአገሩ ቤትና ሥርዓት ይልቅ ስለ ታመነ ነው።

ከተማዋን ያስገኘው ለምነት ዛሬ ለፍርስራሿ ሥጋት ሆኗል። የእርሻውና የመኖሪያው ስፍራ እየሰፋ ወደ ጥንታዊው መቃብር ይገፋል፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን የተነሣው ጦርነትም የጥበቃውን ሥራ እጅግ አክብዶታል። ታሪክን ያቀናው የምሰሶ ጕድጓድ በአንድ ቀን እርሻ ሊጠፋ የሚችል ምልክት ስለሆነ፥ ከሐውልት ያላነሰ ጥበቃ ያስፈልገዋል።