ማስተርሱ ወይስ ሠርጉ?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንዲት የዳንግላ ጓደኛዬ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሐሜቱ አይጣል ነው!

ልጅት የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ ከአገሪቱ ስምንት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በግጭቱ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቅርቡ ሩቅ ሆነባት።

እጮኛዋስ? «ወይ ማስተርሱ፣ ወይ እኔ!» አላት። የፋግታ ለኮማ ልጅ ነው። ቤተሰቡ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ዲከረንስ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል አክስሎ የሚያድር ነው። የሠርጉም ገንዘብ ከዚያው ሊወጣ ነበር።

ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅት የመመረቂያ ጥናቷን በምን ላይ ብትሠራ ጥሩ ነው? በዲከረንስ በሽታ! ያ ዝገት የሚመስል ፈንገስ የአዊን ገበሬ ስንት ችግኝ እንደበላበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ናሙና ልትለቅም አማቶቿ ማሳ ገባች። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩዋት ቆዩና «ልጄ፣ መድኃኒት ይኖረው ይሆን?» አሏት። «ገና ነው አባባ» አለች።

እኔ 12ኛ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ፈንገሱ አልፈላሰፍም። ግን እናንተ ለመማር ያሰባችሁ፣ ርዕሳችሁን ከደጃፋችሁ ፈልጉ፤ ለትራንስፖርት የሚወጣው ብር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክፍያውን መሥሪያ ቤታችሁ ይሸፍን እንደሆነም ሳትመዘገቡ በጽሑፍ ያዙ።

እጮኛው እስካሁን «እሺ» አላለም። ሰሞኑን ግን የቅጠሉን ጆንያ በፈረሱ ጭኖ አስፋልት ድረስ የሚያደርስላት እሱ ነው አሉ።