ግማሽ ማራቶን በሶምሶማ ይሠራል

ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እየፈጸመች ነበር። ለጤናው የሚሮጥ ሰው ያንኑ 21.1 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ርቀቱ አንድ ቢሆንም የአማተሩ ሰውነት እጥፍ ጊዜ ይሠራል። ሆኖም ብዙ ጀማሪ የሚዘጋጀው እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ነው፤ በወጣ ቁጥር እስኪያለከልክ ይሮጣል፣ ካልደከመውም ልምምድ የሠራ አይመስለውም። የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በሕዝቡ ሞቅታ መጨረስ ስለሚቻል ስህተቱ እዚያ አይታወቅም፤ 21 ላይ ግን ይጋለጣል። ለአማተር አብዛኛው ልምምድ ሶምሶማ፣ ያውም ብዙዎች ከሚገምቱት የዘገየ ሶምሶማ መሆን አለበት።

ከጉልበት ሒሳቡ እንነሣ። ሯጭ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ ለግማሽ ማራቶን 1,400 አካባቢ ያስፈልገዋል። በልቶና አርፎ ለመጣ ሰው በጡንቻና በጉበት የተከማቸው የስኳር ስንቅ (ግላይኮጅን)፣ ስብም ታክሎበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይሸፍናል። ስለዚህ የማራቶን ሯጮች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚፈሩት የስንቅ ማለቅ እዚህ ዋናው ችግር አይደለም። ወሳኙ ጡንቻ ኦክስጅንን ተጠቅሞ ስንቁን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ፍጥነት ነው፤ ይህም በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ጉልበት በሚያመነጩት ክፍሎች፣ እና በጥቃቅን የደም ሥሮች ብዛት ይወሰናል። እግር የሚተሳሰረው ላክቲክ አሲድ ስለሚመርዘው ነው የሚለው ማብራሪያ አርጅቷል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ጆርጅ ብሩክስ ባለፉት አሥርት ዓመታት እንዳሳየው ላክቴት ልብና ጡንቻ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ነው፤ በደም ውስጥ ሲሻቀብ የሚነግረን የሚመረተው ከሚቃጠለው መብለጡን ነው። የሚያቃጥለውን ክፍል ማብዛት ይቻላል። ተመራማሪው ጆን ሆሎዚ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦችን በቀን እስከ 2 ሰዓት በመሮጫ ማሽን ላይ አሠልጥኖ በጡንቻቸው ውስጥ ያሉት የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች እጥፍ ገደማ ማደጋቸውን አሳየ።

ተከራካሪ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል፤ የሆሎዚ አይጦች በመሐል ፈጣን ሩጫም ይሮጡ ነበር። እውነት ነው። አጭርና ብርቱ ሩጫ ማይቶኮንድሪያን እንደሚያበዛ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም አረጋግጠዋል። ታዲያ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ለምን ሁሉንም በፍጥነት አይሮጥም? መልሱ ከሳምባ ይልቅ ከጅማትና ከአጥንት ዘንድ ነው። የደም መጠን በቀናት፣ የልብ ብቃት በሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱ ከሰውነት ክብደት 2 እና 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል ይመልስበታል። ትንፋሹ የበረታለት ጀማሪ ገና ባልጠነከረ እግር ሲፈጥን የባት አጥንቱ ወይም ቋንጃው ቀድሞ ይጮኻል፣ ከዚያ ቤት መቀመጥ ይመጣል። ጊዜ ሞልቷቸው፣ እግራቸው ለዓመታት የጠነከረ ምርጥ አትሌቶች እንኳ፣ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ስቴፈን ሳይለር እንደመዘገበው፣ ከ10 ልምምዳቸው 8ቱን ገደማ የሚሠሩት በዝግታ ነው። በእንጦጦ ደን ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ በሰልፍ የሚያዘግሙትን አትሌቶች ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም። ለ3 ቀኑ ሯጭ እኔ የምመርጠው ሁለት ሶምሶማ፣ አንዱን ረዘም አድርጎ፣ እና አንድ ፈጣን ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ለአንዳንዱ ሰው ቀስ ማለትም ያስለከልካል፣ በተለይ አዲስ አበባ ላይ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር ኦክስጅኑ፣ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ለሚሮጡ የተዘጋጀ የፍጥነት ሰሌዳ እዚህ ሲገለበጥ ሶምሶማ ተብሎ የተጻፈው ፈጣን ሩጫ ሆኖ ያርፋል፤ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሯጭ በመጀመሪያው ማለዳ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ይልቅ አንደበትን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከጎን ላለው ጓደኛ መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። አቀበቱ ላይ ንግግሩ ከተቆረጠ ወደ እርምጃ መውረድ ነው፤ እርምጃውም ከልምምዱ ይቆጠራል።