የወባ ኢንዛይምን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል

የወባ ኢንዛይምን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል (ፀረ ፒኤልዲኤች) የወባ ተህዋስ የሚሠራውን ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም መርጦ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። በምርምር ቤተ ሙከራዎችና በፈጣን የወባ መመርመሪያዎች ውስጥ ያገለግላል። በኢትዮጵያ ጠቀሜታው ይበልጥ የጎላው፣ ኤችአርፒ2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች ወባ ያለበትን ሰው «የለበትም» ሊሉ እንደሚችሉ ከታወቀ በኋላ ነው።

ኢንዛይሙ

የወባ ተህዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲኖር ኃይል የሚያገኘው በዋናነት ግሉኮስን በመሰባበር ነው። ኢንዛይሙ በዚህ ሂደት መጨረሻ ላይ ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት ይለውጣል፤ ይህም የግሉኮስ መሰባበር ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያደርጋል። የሰው ልጅም የራሱ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ አለው። ሆኖም የሁለቱ ቅርጽ ስለሚለያይ የተህዋሱን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ማዘጋጀት ይቻላል። ለዚህ መሠረት የሆነውን አንድ ወጥ ፀረ እንግዳ አካል የማምረቻ ዘዴ ኮለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አስተዋውቀዋል።

አሠራር

ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ መመርመሪያው ላይ ከተደረገ በኋላ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ኢንዛይሙ ይወጣል። ቀለም የተሸከመው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘውና አብረው በወረቀቱ ላይ ይጓዛሉ። በመስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ሲያስቀራቸው ቀይ መስመር ይታያል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልታየ ግን ምርመራው ዋጋ የለውም፤ በሌላ መመርመሪያ መደገም አለበት።

አንዳንዶቹ ፀረ እንግዳ አካላት የፋልሲፓረምን፣ ሌሎቹ የቫይቫክስን፣ የቀሩት ደግሞ የሁሉንም የወባ ዓይነቶች ኢንዛይም ይይዛሉ። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ በኢትዮጵያ ሁለቱም በስፋት ስለሚገኙና ሕክምናቸው ስለሚለያይ ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚከሰተው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴና በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትወስነው በፈጣኑ መመርመሪያ ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች የድንበር አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምሯል። በዚያም ኤችአርፒ2ን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ፣ ተህዋሱ የዚህን ፕሮቲን ዘረመል በማጣቱ ምክንያት 9.7 በመቶ የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማንን እንደሚያልፍ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲለወጥ የሚመክረው ይህ ቁጥር ከ5 በመቶ ሲበልጥ ነው። ከክልሉ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚሄዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ብዙ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ የድንበር ወረዳዎች ብቻ አይደለም።

ተህዋሱ ያለ ኤችአርፒ2 መኖር ይችላል፤ ያለ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ግን ኃይል ማግኘት ይሳነዋል። ስለዚህ ኢንዛይሙን በመጣል ከምርመራ ማምለጥ ይከብደዋል። ከዚህም ሌላ ኤችአርፒ2 ሕሙሙ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ሲችል፣ ኢንዛይሙ ተህዋሱ ሲጠፋ ቶሎ ይጠፋል።

ገደቦች

በደም ውስጥ ያለው ተህዋስ ጥቂት ሲሆን ኢንዛይሙን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች ሊስቱ ይችላሉ። ከፍተኛ ሙቀትም ያበላሻቸዋል፤ በቆላ አካባቢ ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ውጤቱ ወባ የለም ቢልም ትኩሳቱ ካልበረደ ሕሙሙ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይኖርበታል።

በምርምር

ተመራማሪዎች በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላትን ሌሎች ኢንዛይሞችን ለመለየትም ይጠቀማሉ። ከእነዚህም መካከል ጂፒአይ የተባለውን፣ ፕሮቲኖችን ከሕዋስ ሽፋን ጋር የሚያያይዝ መልህቅ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ይገኛሉ። የወባ ተህዋስ ብዙ የገጽ ፕሮቲኖች በዚህ መልህቅ የተያያዙ ናቸው።