ያውቁ ኖሯል? ባለጸጎችና የዕድሜ ምኞት

እርጅናን ለማሸነፍ የሚደረግ ምርምር ብዙ ገንዘብ ይበላል! ገንዘቡ ያለው ደግሞ ባለጸጎች ዘንድ ነው። እጃቸውን ለማስፈታት ምን ያልተሞከረ ነገር አለ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የቻይናው የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ሞትን አብዝቶ ይፈራ ነበር። ይህን ያወቀው አስማተኛው ሹ ፉ ምን ጠየቀው መሰልዎ? መርከቦች፣ ስንቅና በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች! የማይሞቱ ፍጡራን ከሚኖሩባቸው ደሴቶች የዕድሜ መድኃኒት አመጣለሁ ብሎ ነው። የጠየቀው ሁሉ ተሰጠው!

ዓመታት አለፉ፤ መድኃኒቱ የለም! ሹ ፉ ግን አላፈረም። ግዙፍ ዓሣ መንገዱን ስለዘጋብን ጎበዝ ቀስተኞች ይጨመሩልን አለ! ንጉሡ ተቆጣ? ኧረ እንዲያውም! ቀስቱን ይዞ ራሱ ወደ ባሕሩ ወረደና አንድ ትልቅ ዓሣ ገደለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210፣ በ49 ዓመቱ ሞተ። ሹ ፉም በዚያው ቀረ! ለምርምር ተጨማሪ በጀት በመጠየቅ የሚቀድመው ካለ እኛ አልሰማንም።

የነዳጅ ከበርቴውን ጆን ሮክፌለርን ለሕክምና ምርምር ገንዘብ እንዲያወጣ ያሳመነው ሐኪም አልነበረም! ቀድሞ ሰባኪ የነበረው አማካሪው ፍሬድሪክ ጌትስ ነው። በ1897 ለዕረፍት ሲሄድ ወደ ሺህ ገጽ የሚጠጋ የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ይዞ ወጣ። ሌላው ሰው ዓሣ ሲያጠምድ እሱ ከዳር እስከ ዳር አነበበው! ያገኘው ነገር አስደነገጠው፤ ለካ ሐኪሞቹ የአብዛኛውን በሽታ መድኃኒት አያውቁትም! ወዲያው ለአለቃው ማስታወሻ ጻፈ። በ1901 የሮክፌለር ሕክምና ምርምር ተቋም ተቋቋመ። ከበርቴው ራሱ? 97 ዓመት ኖረ!

በዚያው ተቋም አሌክሲስ ካሬል ከዶሮ ጽንስ ልብ የወሰደውን ሥጋ በ1912 በብልቃጥ ማሳደግ ጀመረ። ሥጋው 34 ዓመት ቆየ፤ ካሬልን ቀብሮት ነው የተጣለው! ይሁንና በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክ ጤነኛ የሰው ህዋስ 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍሎ እንደሚያቆም አሳየ። የማይሞት ነው የተባለው ልብ ነገር በዚያ አበቃ!

የዝንጀሮ የዘር ፍሬ ቁራጭ በሽማግሌ ገላ ላይ መስፋት! ይህን ያደረገው በፓሪስ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ሰርዥ ቮሮኖፍ ነው፤ በ1920 ጀመረ። ወጣትነት ይመለሳል ብለው ስንት ሀብታሞች ተሰለፉ! ሥራውን በገንዘብ የደገፈችው ማን ናት? ኤቭሊን ቦስትዊክ፣ የሮክፌለር የንግድ ሸሪክ ልጅ፤ በኋላም የሐኪሙ ሚስት! ኤቭሊን በ1921 አረፈች።

ስለ ወይዘሮ ቤሪል ባክ ሰምተው ያውቃሉ? በ1975 በካሊፎርኒያ ሲያርፉ የተዉት የነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ሼል በ1979 ኩባንያውን ገዛውና ኑዛዜው ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ! ገንዘቡ ለማሪን አውራጃ ብቻ ይዋል ወይስ ለሌላውም ይድረስ ተብሎ ፍርድ ቤት ተካሰሱበት። አውራጃው አሸነፈ! ከዚያው ገንዘብ ስለ እርጅና ብቻ የሚመራመር ተቋም ተሠርቶ በ1999 ተከፈተ። ሕንፃውን የነደፈው የሉቭር ሙዚየምን የመስታወት ፒራሚድ የነደፈው አይ. ኤም. ፔይ ነው!

የኦራክሉ ላሪ ኤሊሰን ሞት የሚያናድደው ሰው ነው! የኖቤል ተሸላሚው ጆሹዋ ሌደርበርግ ወዳጁም አማካሪውም ነበር። ኤሊሰን በ1997 ፋውንዴሽን አቋቁሞ ለእርጅና ምርምር ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። በ2013 ደግሞ ድንገት ለዘርፉ አዲስ ገንዘብ መስጠት አቆመ! ተመራማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ለአይጥ ዕድሜ ሽልማት! በ969 ዓመቱ ማቱሳላ ስም የተጠራው ፋውንዴሽን ረጅም ዕድሜ የሚኖር አይጥ ለሚያሳድግ ተመራማሪ ሽልማት አቀረበ። አሸናፊው አይጥ 1,819 ቀን ኖረ፤ አምስተኛ ልደቱ ሰባት ቀን ሲቀረው ሞተ! ባለጸጋው ፒተር ቲል በ2006 ለፋውንዴሽኑ እስከ 3.5 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ።

ሚሊየነር ላልሆነም መላ ተበጅቷል! ይኸው ፋውንዴሽን 300 ሰዎች በዓመት 1,000 ዶላር ለ25 ዓመት እንዲሰጡ ጋበዘ። ምን ያገኛሉ? ስማቸው በሐውልት ላይ ይቀረጽላቸዋል! ሞትን ለማሸነፍ አዋጥቶ ስምን በድንጋይ ላይ ማስቀረጽ፤ ይኼስ ቢጠፋ ያ እንዲኖር ይሆን?

ከፋውንዴሽኑ መሥራቾች አንዱ ኦብሪ ዴ ግሬይ ሌላውን ስጡ ሲል ኖሮ ከእናቱ ውርስ 13 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ራሱ ለምርምሩ ሰጠ! በዚህ አያሙትም።

እርጅናን ማሸነፍ ይቻላል የሚለው የዚሁ ሰው ሐሳብ ክርክር እንኳ የማይገባው መሆኑን ለሚያረጋግጥ ሳይንቲስት 20,000 ዶላር ተዘጋጅቶ ነበር! ግማሹን ያዋጣው ማን ነው? የራሱ ፋውንዴሽን! በ2006 ዳኞቹ ተሰየሙ፤ ያሸነፈ አልተገኘም!

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢትስኮቭ በ2012 ለዓለም ቢሊየነሮች ግልጽ ደብዳቤ ላከ። የሰው አእምሮ ወደ ሰው ሠራሽ አካል የሚዛወርበትን ምርምር ደግፉ፤ እናንተም ከሞት ታመልጣላችሁ አለ! ቀነ ገደቡ 2045 ነው፤ ቀጠሮው ገና ነው።

በመጋቢት 2017 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በቴሌቪዥን ፕሮዲውሰሩ ኖርማን ሊር ሳሎን የኖቤል ተሸላሚዎች፣ የፊልም ተዋንያንና የሲሊከን ቫሊ ከበርቴዎች ተሰበሰቡ። ጉዳዩ ረጅም ዕድሜ ነው! ተዋናይት ጎልዲ ሃውን ሶፋው ላይ ተደላድላ ለኖቤል ተሸላሚዋ ኤልዛቤት ብላክበርን ስለ ህዋስ ጥያቄ አቀረበች። የቤቱ ባለቤት ሊር ያኔ 94 ዓመታቸው ነበር። በ2023 በ101 ዓመታቸው አረፉ! ከተሰበሰበው ሁሉ ስለ ዕድሜ የሚጠየቁት እሳቸው አይመስልዎትም?

ከ2017 ጀምሮ አናናስ በሚል ስም የተደበቀ አንድ ሰው 5,104 ቢትኮይን ለ60 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አደለ! የእርጅና ተመራማሪዎችም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ደረሳቸው። ሰጪው ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም!

ይባስ! የኢቴሪየም ፈጣሪ ቪታሊክ ቡቴሪን ሳይጠይቅ የውሻ ሥዕል ያለበት የቀልድ ክሪፕቶ ተላከለት። በ2021 እሱ ደግሞ ለማቱሳላ ፋውንዴሽን አሳልፎ ሰጠው። በዕለቱ ዋጋ ሲሰላ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ! በአንዴ ቢሸጡት ግን ዋጋው እንደሚወድቅ ልብ ይበሉ።

ካሊኮ የተባለው ኩባንያ እርጅናን ሊያጠና በ2013 በጉግል ተቋቋመ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡ መሣሪያዎች በተደረደሩበት ቤተ ሙከራ ማን በእንክብካቤ ተይዞ የነበረ ይመስልዎታል? የኛው ፍልፈል! ያውም ፀጉር የሌለው፣ ጥርሱ የገጠጠ፣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ እስከ ኬንያ መሬት ስር የሚኖረው! ሳይንሳዊ ስሙ በ1842 የወጣለት ከሸዋ በተወሰደ ናሙና ነው። አይጥ ሁለትና ሦስት ዓመት ስትኖር እሱ ከ30 ዓመት ያልፋል! በ2018 ይፋ የሆነው ጥናት ያስገርማል፤ ይህ ፍልፈል ዕድሜው ቢገፋም የመሞት ዕድሉ አይጨምርም!

የእርጅና ምርምር ኩባንያው አልቶስ ላብስ በ2022 በስንት ዶላር ሥራ ጀመረ? በ3 ቢሊዮን! ባለጸጋው ሳም አልትማን በበኩሉ የሰውን ዕድሜ በ10 ዓመት ለመጨመር ለሚሠራ አንድ ኩባንያ 180 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ!

ሁሉም አይሳካም። ጄፍ ቤዞስና ፒተር ቲል ገንዘብ ያስገቡበት ዩኒቲ የተባለው ኩባንያ ያረጁ ህዋሳትን ጠርጎ የጉልበት ሕመም ያድናል ያለው መድኃኒት በ2020 ከሸፈ፤ አክሲዮኑም ወረደ!

አሁንም ነዳጅ! የሳዑዲው ሄቮሉሽን ፋውንዴሽን በዓመት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ለዚህ ምርምር ሊያወጣ አቀደ። በ2023 ሪያድ ላይ ይፋ ለሆነው የ101 ሚሊዮን ዶላር ውድድርም 40 ሚሊዮኑን ያዋጣው እሱ ነው። ለማሸነፍ ምን ያስፈልጋል? የአረጋውያንን ጡንቻ፣ አእምሮና በሽታ የመከላከል አቅም ቢያንስ በ10 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ! ሕክምናው ከአንድ ዓመት መብለጥ የለበትም!

የመጨረሻው ከሁሉ ይገርማል! ሜትፎርሚንን ያውቁታል፤ የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት አይጠፋም። እርጅናን ሊያዘገይ ይችላል የሚሉ ሐኪሞች በ14 ማዕከላት፣ ከ65 እስከ 79 ዓመት በሆናቸው 3,000 ሰዎች ላይ ሊፈትኑት አሰቡ። የእስራኤል ተወላጁ ዶክተር ኒር ባርዚላይ ሐሳቡን ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያቀረቡት በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ገንዘብ ፍለጋ በር አንኳኩተዋል! ምክንያቱ? የፈጠራ መብቱ ያለፈበት ርካሽ ክኒን ስለሆነ የሚያተርፍበት ኩባንያ የለም! የሚያስፈልገው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ከአልቶስ 3 ቢሊዮን አጠገብ ምን አላት? የሚያውቁት ባለጸጋ ካለ እባክዎ ሹክ ይበሉልን!