ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለት ቅርጽ፣ ብዙ ሙያ

አንድ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሙያ፣ ማለትም ባለቤት፣ ተሳቢ ወይም ዘርፍ መሆኑን፣ በመድረሻው ለውጥ ሲያሳይ የሚይዘው መልክ ሙያ አመልካች ቅርጽ ይባላል። የጽሑፍ ዐረብኛ በአብዛኞቹ ነጠላ ስሞች ላይ በኡ፣ በኢ እና በአ አናባቢዎች ሦስት ቅርጾችን ሲለይ፣ በግእዝ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አጫጭር አናባቢዎች ልዩነታቸውን በማጣታቸው የቀሩት ቅርጾች ሁለት ብቻ ናቸው። «ንጉሥ» የሚለው ስም ባለቤት ሲሆንም («መጽአ ንጉሥ»)፣ መስተዋድድ ሲቀድመውም («ለንጉሥ») መልኩን አይለውጥም፤ ተሳቢ ሲሆን ግን «ርእየ ንጉሠ» ይባላል።

የስያሜው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ቅርጽ «የተሳቢ ቅርጽ» ቢባልም፣ ስምን ከዘርፉ ጋር ያናብባል («ንጉሠ ኢትዮጵያ»)፣ የ«ኮነ» ማሟያ ይሆናል («ኮነ ንጉሠ»)፣ ጊዜንም ይገልጻል («ሌሊተ»)። እንዲያውም «ንጉሠ ኢትዮጵያ» በሙሉው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሊሆን ስለሚችል፣ «ተሳቢ» የሚለው ስም አጠቃቀሙን ሁሉ አይሸፍንም። በፊደል መሰየምም አያዋጣም፤ በኢ የሚጨርሱ ስሞች መድረሻቸውን ወደ ኤ ስለሚለውጡ «ጸሓፊ» በ«ጸሓፌ ትእዛዝ» ውስጥ «ጸሓፌ» ሆኗል። ስለዚህ ቅርጾቹን «መነሻ» እና «ተለዋጭ» ብሎ ሰይሞ፣ የእያንዳንዳቸውን ሙያ ለይቶ መዘርዘር ለተማሪ የበለጠ ግልጽ ነው።